የስምንተኛው ኢኒንግ በሽታ

ሜይ 23 ቀን 2019፣ ሐሙስ፣ ኒው ዮርክ፣ ሲቲ ፊልድ። የቤዝቦል ቡድኑ ዋሽንግተን ናሽናልስ ሜትስን 4 ለ 3 እየመራ ስምንተኛው ኢኒንግ ላይ ደርሷል፤ ኢኒንግ ጨዋታው የሚከፈልባቸው ዘጠኝ ዙሮች አንዱ ነው። አሰልጣኙ ዴቭ ማርቲኔዝ ከዳኛ ጋር ተጨቃጭቆ ከሜዳ ተባሯል። የሚወረውረው ዋንደር ሱዌሮ ነው። ሁለት የሜትስ ተጫዋቾች ቤዝ ላይ፣ ነጥብ ለማስቆጠር በሚዞሩባቸው ማረፊያዎች፣ ቆመዋል፤ ዱላውን የያዘው ካርሎስ ጎሜዝ። ኳሷ አጥሩን ተሻግራ ወደቀች። በአንድ ምት ሦስት ነጥብ፤ 6 ለ 4። ናሽናልስ አራቱንም የኒው ዮርክ ጨዋታዎች አስረክቦ ወደ ዲሲ ተመለሰ፤ ሰንጠረዡ ላይም 19 ድልና 31 ሽንፈት ተጻፈለት።

ይኸው ቡድን ኦክቶበር 30 ላይ ሂውስተን ውስጥ የዓለም ዋንጫውን፣ ወርልድ ሲሪስ የሚባለውን የአሜሪካ ቤዝቦል ፍጻሜ፣ አነሳ። ከ1924 ወዲህ ዋሽንግተን ያየችው የመጀመሪያው የቤዝቦል ዋንጫ ነው። እዚህ አካባቢ ያለ ሰው ታሪኩን ስለሚያውቀው አልደግመውም። እኔን ዛሬም ድረስ የሚከነክነኝ 19 ለ 31 የሚለው ቁጥር ነው። ያን ሐሙስ ማታ ቡድኑን የረገምን፣ «አሰልጣኙ ይባረር» ያልን፣ ሬዲዮውን የዘጋን ደጋፊዎች ተሳስተን ነበር ወይስ ትክክል ነበርን? በየዓመቱ ኤፕሪል ሲገባ ጥያቄው ይመለሳል፤ ምክንያቱም በየዓመቱ ሃያ ጨዋታ አይተን ፍርድ እንሰጣለን። ቁጥሩን ደጋግሜ ከፈታሁት በኋላ የደረስኩበት መልስ ትንሽ ግራ የሚያጋባ ነው፤ በሽታውን በትክክል አውቀነው ነበር። የተሳሳትነው ይገድላል ማለታችን ላይ ነው።

አራቱ የኒው ዮርክ ቀናት

ሰኞ 5 ለ 3 ተሸነፉ። ማክሰኞ 6 ለ 5፣ ያውም በዘጠነኛው ኢኒንግ መጨረሻ። ረቡዕ ማክስ ሸርዘር ስድስት ኢኒንግ ወርውሮ አንድ ነጥብ ሳይቆጠርበት ወጣ፤ 1 ለ 0 እየመሩ ስምንተኛው ኢኒንግ ላይ ደረሱ፤ የሜትሱ ሁዋን ላጋሬስ በናሽናልስ ምርጥ ጨዋታ ዘጊ በሾን ዱሊትል ላይ ሦስት ሰው የሚያስገባ ምት መታ፤ አለቀ፣ 6 ለ 1። ሐሙስን ከላይ ተናግሬያለሁ።

አራቱን ደርድረን ስናያቸው ሦስቱ የተበላሹት በስምንተኛውና በዘጠነኛው ኢኒንግ ነው። እውነተኛ ደካማ ቡድን እንዲህ አይሸነፍም። እሱ በሁለተኛው ኢኒንግ 4 ለ 0 ተመርቶ፣ በአምስተኛው 7 ለ 1 ሆኖ፣ ሰው ወደ ባቡር ጣቢያው እየተጓዘ ነው የሚሸነፈው። ደጋፊው ብዙም አይናደድም፤ ተስፋ የሚያደርገው ነገር ስላልነበረ። የ2019ኙ ናሽናልስ ግን ሥራውን ሁሉ ጨርሶ፣ እንጀራውን ጋግሮ፣ ሞሰቡ ላይ ሲያቀርበው ይደፋበት ነበር። ንዴታችን ከበሽታው በላይ ያበጠው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። በመጨረሻ ሰዓት የተነጠቀ ድልና ከመጀመሪያው የጠፋ ጨዋታ ሰንጠረዡ ላይ እኩል አንድ ሽንፈት ናቸው፤ ሆድ ውስጥ ግን እኩል አይደሉም።

ለእግር ኳስ ሰው እንዲገባው ቡልፔን የሚባለውን ነገር ልግለጸው። ጨዋታውን የሚጀምረው ወርዋሪ በአንድ ቀን 100 ኳስ ገደማ ይወረውራል። ያው መቺ በዚያው ጨዋታ ለሦስተኛ ጊዜ ሲገጥመው የኳሱን ፍጥነትና አወራወር ለምዶታል፣ ክንዱም ደክሟል፤ ስለዚህ አሰልጣኙ በስድስተኛው ወይም በሰባተኛው ኢኒንግ ያወጣዋል። ከዚያ ወዲያ ያሉትን ዘጠኝ ያህል አውቶች (አውት አንድ የተቃራኒ ተጫዋች የሚወጣበት ነው፤ ሦስት ሲሞላ ተራው ያልፋል) የሚያመጡት ከሜዳው ዳር በተከለለው ቦታ ሲያሟሙቁ የሚቆዩት ተቀያሪዎች ናቸው። ቦታውም ሰዎቹም ቡልፔን ይባላሉ። ችግሩ አንዱ ተቀያሪ ሁለት ቀን በተከታታይ ከሠራ በሦስተኛው ቀን ማረፍ አለበት። ስለዚህ የሚታመኑ ሦስት አራት ሰዎች ያስፈልጋሉ። ናሽናልስ በዚያ ኤፕሪልና ሜይ የሚያምነው አንድ ዱሊትልን ብቻ ነበር። አንድ በሬ ሁለት ማሳ ሲያርስ የሚሆነውን ገበሬ ያውቀዋል፤ ረቡዕ ዕለት በላጋሬስ ፊት የሆነውም ያው ነው።

ከዱሊትል በፊት ስምንተኛውን ይይዛል ተብሎ የተገዛው ትሬቨር ሮዘንታል ነበር፤ የክርን ቀዶ ጥገና አድርጎ 2018ን ሙሉ ያልተጫወተ ሰው። በመጀመሪያዎቹ አራት ጨዋታዎች ገብቶ አንድም አውት ማግኘት አልቻለም። የወርዋሪ ሚዛን የሆነው ኢ.አር.ኤ. የሰጠውን ነጥብ በሠራው ኢኒንግ አካፍሎ በዘጠኝ ያበዛል፤ በዜሮ ማካፈል ስለማይቻል የሰውየው ቁጥር ማለቂያ የሌለው ሆኖ ተጻፈ። በኋላ ጁን ላይ ሲያሰናብቱት 12 ጨዋታ፣ ስድስት ኢኒንግ ከአንድ ሦስተኛ፣ 22.74 ኢ.አር.ኤ. ነበር የተወው። ፍጥነቱ አልጠፋም ነበር፤ ኳሱ ወደሚፈልግበት አልሄድ አለው እንጂ። በዚያች አጭር ጊዜ 15 ሰው በነጻ ወደ ቤዝ ልኳል። ሜይ 2 ላይ የወርዋሪዎቹ አሠልጣኝ ዴሪክ ሊሊክዊስት ተባርሮ ፖል ሜንሃርት ተተካ። ሰው ተቀየረ፤ ስምንተኛው ኢኒንግ ግን እንደነበረ ቀረ።

50 ጨዋታ ስንት ነው?

ቤዝቦል 162 ጨዋታ አለው። 50ው ከሠላሳ በመቶ ትንሽ ያልፋል፤ በእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ብናስበው አሥራ ሁለተኛው ሳምንት ገደማ ላይ ነን። አርሰናልን የሚደግፍ ወገኔ አሥራ ሁለት ጨዋታ አይቶ ብዙ ነገር ሊያውቅ ይችላል። ቤዝቦል ላይ ግን ያን ያህል አያውቅም፤ ምክንያቱም በዚህ ጨዋታ ጠንካራውና ደካማው ያላቸው ርቀት ጠባብ ነው። በዘመናዊው ቤዝቦል ብዙ ያሸነፈው የ2001ዱ ሲያትል ማሪነርስ 116 ጨዋታ ወስዶ እንኳ 46 ጊዜ ተሸንፏል። ከመቶ ስልሳ የሚያሸንፍ ቡድን ምርጥ ነው፤ ከመቶ አርባ የሚያሸንፈው ደግሞ መጨረሻ ላይ ተቀምጦ ይገኛል።

ዕድል ብቻውን ምን ያህል ሊያንገዋልል እንደሚችል ማስላት ከባድ አይደለም። የጨዋታውን ቁጥር ለአራት ማካፈልና የመልሱን ካሬ ሥር መውሰድ ነው። ለ20 ጨዋታ ሁለት ድል ትንሽ ይበልጣል፤ ለ50 ጨዋታ ሦስት ተኩል። ስለዚህ 8 ለ 12 የጀመረ ቡድንና 12 ለ 8 የጀመረ ቡድን አንድ ዓይነት ቡድን ሊሆኑ ይችላሉ። ኤፕሪል 20 ላይ በአራት ድል ልዩነት የሚደረግ ክርክር ሁሉ፣ ይቅርታ ይደረግልኝና፣ የአየር ንብረት ወሬ ነው።

ለመቺም እንዲሁ ነው። በሃያ ጨዋታ አንድ መቺ 80 ጊዜ ያህል ይመታል። ችሎታው 0.270 የሆነ ሰው 21 ወይም 22 ጊዜ ይሳካለታል ተብሎ ይጠበቃል፤ ዕድል ብቻውን አራት ሊጨምርለት ወይም ሊቀንስበት ይችላል። ያ ማለት ሰሌዳው ላይ ከ0.225 እስከ 0.325 የትኛውም ቁጥር ቢወጣ የሰውየው ማንነት አልተለወጠም። በአራት ምት ምክንያት አንዱ «አልቆለታል» ይባላል፣ ሌላው «ዘንድሮስ ኮከብ ነው» ይባላል።

እዚህ ላይ ግን ለራሴ ታማኝ መሆን አለብኝ። «ዕድል ነው» ብሎ ማለፍ ለ19 ለ 31 አይበቃም። ያ ቡድን ዓመቱን 93 ለ 69 ጨርሷል። 93 የሚያሸንፍ ቡድን በ50 ጨዋታ 29 ያህል መውሰድ ነበረበት፤ ዕድል ሦስት ተኩል ቢወስድበት 25 ላይ ይቆማል። 19 ከዚያ በጣም ይርቃል። የሆነ ነገር በእርግጥ ተሰብሮ ነበር ማለት ነው።

አስቂኙ ነገር የጥንቃቄው ስሌት ራሱ አያድነንም ነበር። ቁጥር የሚያጠኑ ሰዎች አንድ ልማድ አላቸው፤ በቡድኑ ውጤት ላይ 70 ያህል እኩል የተካፈለ ጨዋታ፣ ማለትም 35 ድልና 35 ሽንፈት፣ ይጨምሩበታል፤ የጅምር ጩኸት እንዲረግብ። 19 ሲደመር 35፣ 54 ነው፤ 50 ሲደመር 70፣ 120። 54 ለ120 ሲካፈል 0.450። በዚያ መጠን የቀሩትን 112 ጨዋታዎች ብንሄድ 50 ድል፤ በድምሩ 69። ስሜቱን የገደበው አዋቂም፣ ሬዲዮውን የዘጋው ደጋፊም ያን ማታ የሚደርሱት አንድ ቦታ ነበር። ናሽናልስ ቀሪውን 74 ለ 38 ሄደ።

ኤፕሪልን የማንበብ ዘዴ

ታዲያ ምን ማየት ነበረብን? ከድልና ከሽንፈት ዓምድ በፊት የገባውንና የተቆጠረበትን ነጥብ ነው። ቢል ጄምስ የሚባለው ተመራማሪ ያወጣው ቀላል ስሌት አለ፤ ያስቆጠርከውን ነጥብ በራሱ አብዛው፣ የተቆጠረብህን በራሱ አብዛው፣ የመጀመሪያውን ለሁለቱ ድምር አካፍለው። የ2019ኙ ናሽናልስ ዓመቱን ሙሉ 873 አስቆጥሮ 724 ተቆጥሮበታል። 762,129 ለ1,286,305 ሲካፈል 0.592፤ በ162 ሲባዛ 96 ድል። ትክክለኛው 93 ነበር፤ በጣም ተቀራርቧል። በየሳምንቱ እሑድ ይህን ለሚወዱት ቡድን አስልቶ ከሰንጠረዡ ጋር ማስተያየት አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ስሌቱ ከድሉ ከፍ ካለ ቡድኑ በጠባብ ጨዋታ እየተበላ ነው፤ ዝቅ ካለ ደግሞ በትከሻው የማይችለውን ዕዳ ተሸክሟል።

ግን ይህም ስሌት ይታለላል። ቡልፔኑ መጥፎ የሆነ ቡድን 1 ለ 0 መምራቱ 6 ለ 1 ሽንፈት ሆኖ ሲመዘገብ፣ የነጥብ ልዩነቱም ራሱ ይበላሻል። ስለዚህ ሁለተኛው ሥራ ነጥቡን በኢኒንግ መለየት ነው። እስከ ስድስተኛው ማን ይመራ ነበር? ከሰባተኛው ወዲያስ? ወረቀት ላይ ሁለት ዓምድ መሥመርና 50 ጨዋታ መሙላት አንድ ከሰዓት ይበቃዋል። የሦስቱን ጀማሪ ወርዋሪዎች፣ የሸርዘርን፣ የስትራስበርግንና የኮርቢንን፣ ቀናት ለብቻ ያየ ሰው አሸናፊ ቡድን ያይ ነበር። በዓመቱ መጨረሻ ስትራስበርግ 251፣ ሸርዘር 243፣ ኮርቢን 238 ሰው በስትራይክአውት፣ ማለትም ኳሱን ሳያስመቱ፣ መልሰዋል። ሦስት እንዲህ ያሉ ሰዎች ያሉት ቡድን ሜይ ላይ ደካማ ነው ሊባል አይችልም፤ የተሰበረ ክፍል አለው እንጂ።

ሌላው ስትራይክአውትና ዎክ (በነጻ ወደ ቤዝ መሄድ) ነው። የመቺ አማካይ እስኪረጋ ወራት ይፈጃል፤ ምን ያህል ጊዜ በስትራይክአውት እንደሚወጣ ግን 60 ገደማ ጊዜ ከቆመ በኋላ፣ ማለትም በኤፕሪል አጋማሽ፣ ጥሩ ፍንጭ ይሰጣል። የወርዋሪውም እንዲሁ። ሁዋን ሶቶ ያኔ የሃያ ዓመት ልጅ ነው፤ አማካዩ ይውረድ ይውጣ፣ መጥፎ ኳስ አያሳድድም፤ ዓመቱን በ34 ሆም ረን (አጥር የሚሻገር ምት) ጨረሰ። ወርዋሪው አኒባል ሳንቼስ ደግሞ ዓመቱን 0 ለ 6 ጀመረ፤ 11 ለ 8 ጨረሰ።

የተጎዳውንም መቁጠር አለ። ትሬይ ተርነር ኤፕሪል 2 ላይ ባንት (ኳሱን በዱላ ቀስ ብሎ መንካት) ሊሞክር ዱላው ላይ ጣቱን ኳስ አግኝቶት ሰበረው፤ እስከ ሜይ አጋማሽ አልተመለሰም። ያ ቀን የቀድሞው ኮከባችን ብራይስ ሃርፐር በፊላደልፊያ ማሊያ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ዋሽንግተን የመጣበት ስለነበር ሁሉም ሲጮህበት ዋለ፤ ከሃርፐር መሄድ ይልቅ ግን ያን ሰሞን የጎዳን ያቺ ጣት ናት። ቀጥሎ ከመቺዎቻችን ሬንዶን ክርኑን ተመታ፣ ዚመርማን እግሩን ታመመ፣ ሶቶ ጀርባው ያዘው። ይህ ሁሉ ቀን የተቆረጠለት ችግር ነው፤ ሰውየው ሲመለስ ያበቃል። ቡልፔን ግን ቀን አይቆረጥለትም። 19 ለ 31 ውስጥ የትኛው የትኛው እንደሆነ ለይቶ የማያይ ሰው፣ ጉንፋንና ሳንባ ነቀርሳን በአንድ ሳል ይመረምራል።

ሲሮጡ የታጠቁት

በተቃራኒው ያለውንም ማየት ደግ ነው። በዚያው በ2019 ሲያትል ማሪነርስ 13 ለ 2 ጀምሮ 68 ለ 94 ጨርሷል። በ2018 ኒው ዮርክ ሜትስ 11 ለ 1 ጀምሮ 77 ለ 85። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። የሩቁን ትቼ የራሳችንን ብጠቅስ፣ ናሽናልስ ከሞንትሪያል ወደ ዋሽንግተን በመጣበት በ2005 የዓመቱን ግማሽ 50 ለ 31 አጋምሶ ነበር። ቀሪውን ግማሽ በትክክል ገልብጦ 31 ለ 50 ሄደና 81 ለ 81 ሆነ፤ በምድቡም መጨረሻ። ያኔ የከተማው ሰው ገና ቡድን ማግኘቱ ስለነበር ጁን ላይ ዋንጫ ያወራ ነበር።

እዚህ ዲሲ ላለው ሐበሻ ስታዲየሙ ሩቅ አይደለም። ከዩ ስትሪት አረንጓዴውን መስመር የያዘ ሰው ሳይቀይር ኔቪ ያርድ ይወርዳል። ውስጥ ያልገባውም በሥራው ከጨዋታው ጋር ይገናኛል፤ በአካባቢው ታክሲ የሚነዳ ሰው ቡድኑ እንዴት እንደሆነ ከሬዲዮው በፊት ከሕዝቡ አወጣጥ ያውቃል። ሕዝቡ በሰባተኛው ኢኒንግ መውጣት ከጀመረ መጥፎ ዓመት ነው። በዚያ ሜይ ግን ብዙው እስከ ስምንተኛው መቆየት ነበረበት፤ ሁልጊዜ እየመሩ ነበርና።

ያልተፈወሰው

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፤ ብዙ ሰው የሚዘለው ይህን ነው። ታሪኩ ሲነገር «ከዚያ ተስተካከሉ» ይባላል። ተርነር፣ ሬንዶን፣ ሶቶ ተመለሱ፤ ይህ እውነት ነው። ሜይ 24 ማያሚን ዲሲ ላይ ሲያሸንፉ ውጤቱ 12 ለ 10 ነበር፤ አሸንፈውም እንኳ አሥር ነጥብ ተቆጥሮባቸዋል። መቺዎቹ ጉድጓዱን ከተቆፈረበት ፍጥነት በላይ መሙላት ጀመሩ እንጂ ቆፋሪው አልተያዘም። ቡልፔኑ ዓመቱን በ5.66 ኢ.አር.ኤ. ጨረሰ። ለዋንጫ ባለቤት ቀርቶ ለተራ ቡድንም የሚያሳፍር ቁጥር ነው። ጁላይ 31 ላይ ዳንኤል ሃድሰንን ጨምሮ ሦስት ተቀያሪዎች መጡ፤ ከሦስቱ እስከ መጨረሻ የታመነው ሃድሰን ብቻ ሆነ።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። ማርቲኔዝ አልደበቀውም፤ በስምንተኛው ኢኒንግ የሚታመን ሰው እንደሌለው አምኖ ኦክቶበር ላይ ሌላ መንገድ ሄደ። በዓመቱ 162 ጨዋታ ውስጥ የማይቻለው በኦክቶበር ይቻላል፤ የእረፍት ቀናት ይበዛሉ፣ ጨዋታውም ጥቂት ነው። ስለዚህ ጀማሪዎቹን ራሳቸውን ተቀያሪ አደረጋቸው። ኦክቶበር 1 ከሚልዋኪ ጋር በአንዷ የሞት ሽረት ጨዋታ ሸርዘር አምስት ኢኒንግ፣ ስትራስበርግ ሦስት፣ ሃድሰን አንድ። ሶቶ በስምንተኛው ኢኒንግ የሚልዋኪውን ወርዋሪ የጆሽ ሄደርን ኳስ መታ፣ ኳሷ የቀኙን ተከላካይ አምልጣ ሦስት ሰው ገባ፤ 4 ለ 3። ስምንተኛው ኢኒንግ ዞሮ በሌላ ሰው ቤት ገባ።

በቀጣዩ ዙር ከሎስ አንጀለስ ዶጀርስ ጋር በሁለተኛው ጨዋታ ሸርዘር በስምንተኛው ገብቶ ሦስቱን በስትራይክአውት መለሰ። ዘዴው ሁልጊዜ አልሠራም፤ በሦስተኛው ኮርቢን ሲገባ ሁለት አውት አግኝቶ ስድስት ነጥብ ሰጠና 10 ለ 4 ተሸነፉ። ማርቲኔዝ ግን አልተወውም። ሂውስተን ላይ በፍጻሜው ሰባተኛ ጨዋታ ሸርዘር አምስት፣ ኮርቢን ሦስት፣ ሃድሰን አንድ፤ 6 ለ 2። የመጨረሻዋ ሌሊት አሠራር ከሚልዋኪዋ ሌሊት ጋር ቁጥሩ ሳይቀር አንድ ነው። የተቀረው ቡልፔን ዋንጫው ሲነሳ ከአጥሩ ጀርባ ቆሞ ነበር።

ለዚህ ነው «ደጋፊው ቸኮለ» የሚለው ፍርድ የማይዋጥልኝ። ሜይ ላይ «ይህ ቡልፔን የትም አያደርሰንም» ያለ ሰው ትክክል ነበር፤ አላደረሰንም፤ ሌሎች ተሸክመውት ሄዱ። ያ ሰው ማየት ያቃተው የተሰበረውን ክፍል ዞሮ ማለፍ እንደሚቻል፣ ለዚያም የሚበቃ ጊዜ መኖሩን ነው።

ጊዜው ግን የተገኘው በመርሐ ግብሩ ርዝመት ነው። ናሽናልስ በ2019 ስልሳ ጨዋታ ሲሞላ 27 ለ 33 ነበር። በቀጣዩ ዓመት በወረርሽኙ ምክንያት ውድድሩ በሙሉ 60 ጨዋታ ብቻ ሆነ። ያው አሰልጣኝ፣ ከሬንዶን በቀር አብዛኛው ያው ቡድን፣ የዓለም ዋንጫ ባለቤት ሆኖ ገባ፤ 26 ለ 34 ጨረሰና በምድቡ መጨረሻ ላይ ከሜትስ ጋር እኩል ቆመ። በሁለቱ ዓመታት የስልሳ ጨዋታ ውጤት መካከል ያለው ልዩነት አንድ ጨዋታ ነው። ምናልባትም አንድ ስምንተኛ ኢኒንግ።